የጋሻ ትኋን ልጅ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ስሕተቴ ነው። በጥር ወር ከወላጆቼ ቤት ጓሮ፥ ከቲማቲሙ መደብ አጠገብ በበቀለ ዐረም ላይ፥ ክብና ጥቁር የሆኑ ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው ትንንሽ ነፍሳት ተሰብስበው አገኘሁ። ሽማግሌው አትክልተኛ «ልጄ፤ ላጥፋቸው ወይ?» ብለው ቢጠይቁኝ፥ እኔ የተማርሁት ሰው «አይንኳቸው አባባ፤ ክሽክሽ የሚበሉ ጥንዚዛዎች ናቸው» ብዬ መለስሁ። ከአንድ ወር በኋላ ጀርባቸው ጋሻ የመሰለ፥ ሲነኳቸው የሚገሙ አረንጓዴ ትኋኖች የቲማቲሙን ፍሬ ይመጥጡ ነበር። ሽማግሌው ምንም አላሉኝም፤ ዝምታቸው ግን ከስድብ ይልቅ አሳፈረኝ።

እነዚህ ትኋኖች ሊኔየስ በ1758 (እ. ኤ. አ.) የመዘገባቸው፥ ዛሬ ነዛራ ቪሪዱላ የሚባሉት ናቸው። ብዙ ተመራማሪዎች መነሻቸው ምሥራቅ አፍሪካና የሜዲትራኒያን አካባቢ እንደ ሆነ ይገምታሉ።

ለመሆኑ ጥቁሩ ክብ ነገር እንዴት አረንጓዴ ጋሻ ሆነ? ትል በሙሽሬ ውስጥ አልፎ ቢራቢሮ ይሆናል፤ ትኋን ግን እንደ አንበጣ ነው። ኩብኩባ ቆዳውን እየገፈፈ አንበጣ እንደሚሆን ሁሉ፥ የትኋን ልጅም አምስት ጊዜ ቆዳውን ይገፋል፤ በየጊዜውም መልኩ ይለዋወጣል።

የመጻሕፍት መለያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው ለአዋቂው ነው። ቤተ ሰቡ ፔንታቶሚዴ ይባላል፤ ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን የአዋቂው አንቴና በአምስት መከፈሉን ያመለክታል። የልጁ አንቴና ግን አራት ክፍል ብቻ ነው! የአዋቂው እግር ጫፍ ሦስት ክፍል ሲኖረው የልጁ ሁለት ነው። ክንፍ የለውም፤ ሦስት ማዕዘኑ ጋሻም ገና አልወጣለትም። ስለዚህ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ጥያቄ የሚጀምር ተማሪ ከደጅ ይመለሳል።

እንግዲህ ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ። እንደ መርፌ የቀጠነ አፍ በእግሮቹ መካከል ታጥፎ ከተገኘ ትኋን ነው፤ ጥንዚዛ የሚያኝክ መንጋጋ አላት። የነጠብጣቧ ጥንዚዛ አንቴናም አጭርና ጫፉ ያበጠ ነው፤ በጀርባዋም መካከል ሁለቱ ጠንካራ ክንፎች የሚጋጠሙበት መሥመር ይታያል። በትኋን ልጅ ጀርባ መካከል ደግሞ የሽታው ዕጢዎች ቀዳዳ አለ፤ ሲያድግ ግን ሽታው የሚወጣው ከደረቱ ሥር ነው። የክንፍ ጅምር በአራተኛው ደረጃ ይታይና በአምስተኛው ጎልቶ ይወጣል።

ይህ ሁሉ የጋሻ ትኋን መሆኑን ይነግረናል እንጂ፥ ትንሹን ልጅ ይህ ነው ብሎ ወገኑን ለመለየት እኔ አልደፍርም። የሚሻለው ከተገኘበት ተክል ቅጠልና ፍሬ ጋር በጠርሙስ አኑሮ፥ አፉን በስስ ጨርቅ አስሮ፥ የገፈፈውን ቆዳ ከነቀኑ እያስቀመጡ እስኪያድግ መጠበቅ ነው። እኔም አንዱን በመኝታ ክፍሌ አሳድጋለሁ፤ ትናንት ማታ አራተኛ ቆዳውን ገፈፈ። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ሽታውን አልወደደውም።

ጠርሙሱን ይዤው መጥቻለሁ። ማየት የሚፈልግ ይቅረብ፤ ጨርቁን ግን አይፍታ።