በመዝገብ ያለ ቤትና ከመዝገብ የቀረ ቤት



አንድ ነባር ቤት በሕግ ይጠበቃል ሲባል ምን ማለት ነው? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1947 ካወጡት የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ወዲህ ታሪካዊ ሕንፃዎቻቸውን በየከተማው በዝርዝር መዝግበው በደረጃ ለይተዋል። ዛሬ በመዝገቡ የገባውን ቤት ያለ ፈቃድ ማፍረስ በወንጀል ያስቀጣል።

በኢትዮጵያም ሕግ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1966 የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229 ታወጀ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ባለይዞታው ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ፣ ለጥገናም አስቀድሞ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲያገኝ ደነገገ። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ብዙዎቹ ነባር ቤቶች የቀበሌ ይዞታ ሆነዋል። ኪራያቸው ለጣሪያ ቆርቆሮ እንኳ የማይበቃ ስለሆነ፣ ግዴታው በሕግ ሲኖር ገንዘቡ በእጅ አልተገኘም።

መመዝገብ ብቻውን እንደማይበቃ የጣይቱ ሆቴል ምስክር ነው። ይህ ስመ ጥር ቤት ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቷል። እሳት መዝገብ አይጠይቅም፤ የሚገታው የዘወትር ጥንቃቄ ነው።

በምዕራብ ሸዋ ደግሞ አዲስ ዓለም ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። ዳግማዊ ምኒልክ የአዲስ አበባ እንጨት ስላለቀ መናገሻቸውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ባዳናት ጊዜ ሥራው ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። አገልግሎቱ ተለወጠ እንጂ አልተቋረጠም፤ ሕንፃውም የቆየው ሰው ስላልተለየው ነው።

በነቀምት መንገድ ላይ የምትገኘው ባኮና መሰሎቿ ግን ቤተ መንግሥት የላቸውም። ያላቸው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ በረንዳው ወደ መንገድ የሚመለከት ቤት ነው። ከተማይቱ እንዴት እንደተቆረቆረች የሚናገረው እርሱ ሳለ፣ መንገድ ሲሰፋ ማንም ሳይጽፈው ይፈርሳል።

እንዲህ ያለው ቤት በውድ ጥገና አይድንም። የጣሪያው ክፈፍ ዝናቡን ከግድግዳው እንዲያርቅ፣ የድንጋይ መሠረቱ ከጎርፍ እንዲጠበቅ፣ ምርጊቱም በጭቃና በጭድ በየጊዜው እንዲታደስ ያስፈልጋል። በሲሚንቶ የተለሰነ እንደሆነ ግን እርጥበት ከውስጥ ታፍኖ ቋሚውና ማገሩ ይበሰብሳል፤ ለማሳመር የታሰበው ያፈርሰዋል።

ስለዚህ የባለሙያው የመጀመሪያ ሥራ መለካት ነው። ቤቱን ለክቶ መንደፍ፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ዘመኑንና አሠሪውን ከአገር ሽማግሌ ጠይቆ መጻፍ፣ ጽሑፉንም ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ማድረስ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሕግ የሚጠብቀው የታወቀውን ነው። ያልተለካና ያልተጻፈ ቤት ሲፈርስ ግን ከሳሽም ምስክርም አይኖረውም።