የጣራው መከታና የመኪናው ልጓም

በሐራ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶቻችን ካህናት፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የመንፈሳዊ ጉዞ አስተባባሪዎች፤

ዛሬ የምንነጋገረው ተሽከርካሪ ከልክ በላይ እንዳይፈጥን ስለሚያግዙ መሣሪያዎች ነው። ይህ የትራፊክ ፖሊስ ሥራ እንጂ የአጥቢያ ጉዳይ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ፣ ለልደት በዓልም ወደ ቅዱስ ላሊበላ የሚጓዙትን ምእመናን መዝግቦ፣ መኪና ተከራይቶ፣ ውል ፈርሞ የሚያሳፍረው የአጥቢያው ኮሚቴ ነው። ተጓዡ ገንዘቡን ሲሰጥ የሚያምነው ሾፌሩን አይደለም፤ ሾፌሩን አያውቀውም። የሚያምነው ቤተ ክርስቲያኑን ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት የደሙ ዕዳ በባለቤቱ ላይ ይሆናልና። ሕጉ የወደቀው ሰው ተጠንቅቆ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ መከታው ተሠርቶ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል እንጂ። የፍጥነት መሣሪያም የዘመናችን መከታ ነው።

የመሣሪያዎቹን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያው የፍጥነት መገደቢያ ነው። መኪናው ከተወሰነለት ፍጥነት ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን ቢረግጥም ሞተሩ ተጨማሪ ኃይል እንዳያገኝ ያደርጋል። በሀገራችንም በሕዝብ ማመላለሻና በጭነት ተሽከርካሪዎች ላይ እንዲገጠም የሚያዝ መመሪያ ወጥቷል። ሁለተኛው በጂ.ፒ.ኤስ. የሚሠራው መከታተያ ነው፤ መኪናው የት እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሄደ ለባለንብረቱ ይነግራል፤ በራሱ ግን አያግድም።

ሦስተኛው የመንገዱን ወሰን የሚያውቅ ነው። የመንገድ ምልክቶችን በካሜራ እያነበበ ወይም ከካርታ እየተረዳ ወሰኑ ሲታለፍ ሾፌሩን በድምፅ ወይም በንዝረት ያስጠነቅቃል፤ አለዚያም ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ሾፌሩ ግን ካስፈለገው ሊያልፈው ይችላል። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2002 በአራት ከተሞች በ5,000 ያህል ተሽከርካሪዎች ላይ ሞክራዋለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ እንዲኖር ደንግጓል።

እኛ ዘንድ በብዛት የሚገኘው የመጀመሪያው ነው። እርሱ ደግሞ ብርቱ ቢሆንም ዕውር ነው። ወሰኑ 80 ኪሎ ሜትር ከሆነ በሜዳውም በገበያውም ያው 80 ነው። ከወልዲያ ወደ ሐራ የሚመጣ መኪና ከተማችን ሲደርስ ገበያተኛውን፣ ከብቱን፣ ባጃጁን፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ሕፃናት መሣሪያው አያይም። በ80 የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሾፌሩ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዞር ድረስ ያን ያህል መሬት አልፏል። በ40 ቢሄድ ግን 11 ሜትር ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ያድጋል።

ሌላም ጉድለት አለው። መገደቢያው የሞተሩን ኃይል ይይዛል እንጂ ፍሬን አይረግጥም። ከላሊበላ ሲመለሱ ከድልብ ወደ ወልዲያ በሚወርደው ቁልቁለት መኪናውን የሚገፋው የራሱ ክብደት ነው። በዚያ ስፍራ የሚያድነው የተፈተሸ ፍሬን፣ በጊዜው የተቀነሰ ማርሽና ያልደከመ ሾፌር ነው። ስለዚህ «መገደቢያ አለው» በሚል ቃል ብቻ ልባችን ሊያርፍ አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእኛው ድርሻ ነው። መነሻ ሰዓቱን አዘግይተን ለማኅሌቱ «ድረስልን» የምንል እኛ ነን። ሾፌሩ ሲረጋጋ የሚያጉረመርሙትን ዝም ብለን የምናይ እኛ ነን። የትርፉን መጠን እንመልከት፦ 100 ኪሎ ሜትር በ80 ፍጥነት 75 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ100 ፍጥነት 60 ደቂቃ። ያተረፍነው ሩብ ሰዓት ነው። መኪናው ቢጋጭ የሚያርፍበት ኃይል ግን ከግማሽ በላይ ጨምሯል። ለሩብ ሰዓት ይህን ያህል የሰው ነፍስ በመያዣ አይሰጥም።

እንግዲህ ከእያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ በኪራይ ውሉ ላይ የፍጥነት መገደቢያው መኖሩና መሥራቱ ይጻፍ፤ ከጉዞው በፊትም ማሸጊያው ያልተፈታ መሆኑን ከባለንብረቱ ጋር ሆነው ይዩት። ሁለተኛ፣ መነሻው በቂ ጊዜ የሚሰጥ ይሁን፤ ለረጅም መንገድም ሁለተኛ ሾፌር ይያዝ። ሦስተኛ፣ በየመኪናው አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ በከተሞችና በቁልቁለት ሾፌሩን በትሕትና ያስታውስ፣ የሚያጣድፉትንም ያረጋጋ። አራተኛ፣ ካህናት አባቶች ከመነሻው ጸሎት በኋላ ስለ ፍጥነት አጭር ምክር ይስጡ። ሾፌሩ የካህኑን ቃል ሲሰማ ዝግታው ስንፍና ሳይሆን ታዛዥነት ይሆንለታል።

ይህ ሁሉ አዲስ በጀት አይጠይቅም። በውሉ ላይ የሚጨመር አንድ መስመርና የመነሻ ሰዓቱን ማስቀደም ነው። መከታውን ሠርተን፣ የቀረውን ለእግዚአብሔር ጥበቃ እንስጥ፤ መከታውን ሳንሠራ ግን ጥበቃውን ብቻ መጠየቅ አምላክን መፈታተን እንዳይሆንብን እንፍራ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።