ሥራ በተሰጠው ጊዜ ልክ ስለ መስፋቱ
(የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በመወከል የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር አንድ ገጽ ድርሰት እንድንጽፍ ሁለት ሳምንት ተሰጥቶን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ርእስ መረጥን፥ መልሰንም ለወጥን። ርእስ በለወጥን ቍጥር ሌላ መጽሐፍ መፈለግ ነበረብን። በሁለተኛው ሳምንት የማን ጽሕፈት ያምራል ብለን ተከራከርን። ድርሰቱ የተጻፈው በመጨረሻው ሌሊት ነው። ዳሩ ግን ሁለቱን ሳምንት ሙሉ «ሥራ በዝቶብናል» ስንል ሰነበትን፤ ውሸትም አልነበረም።

ይህን ጠባይ የእንግሊዙ የታሪክ ሊቅ ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በኅዳር ወር 1948 ዓ.ም. ዘ ኢኮኖሚስት በተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ገልጾታል። ሥራ የተመደበለትን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ይሰፋል አለ። ማስረጃውንም ከአገሩ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት አመጣ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1914 እስከ 1928 ድረስ ትላልቆቹ የጦር መርከቦች ከ62 ወደ 20 ሲወርዱ፥ የመሥሪያ ቤቱ ሹማምንት ግን ከ2,000 ወደ 3,569 ወጡ። ሹም ረዳት ይሻል፤ ረዳቶቹም እርስ በርሳቸው ሲጻጻፉ ሥራ ይወልዳሉ። መርከብ ቢጠፋ ወረቀት አይጠፋም ማለት ነው።

በገጠር ያለውን ደቦ ስንመለከት ነገሩ ሌላ ነው። አጨዳው ቶሎ የሚያልቀው ስለ ሰዉ ብዛት ብቻ አይደለም። ማታ ጠላው ይጠብቃል፥ ነገ ደግሞ የሌላው ጎረቤት ተራ ነው፤ ስለዚህ ማንም አያንዛዛም። እዚህ በሳሪስ አቦም እናቶቻችን የመጋቢት 5ን የአቦን ዝክር ወደ 6 አያዛውሩትም።

ነገር ግን እዚህ ላይ እንዳንሳሳት ያስፈልጋል። በየቤታችን ያሉት እኅቶቻችን እንጀራ ጋግረው፥ ውሃ ቀድተው በተረፈቻቸው አንድ ሰዓት ያጠናሉ። እኛ ወንዶቹ ምሽቱን ሙሉ ተቀምጠን ከምንይዘው የማያንስ ይይዛሉ። እንግዲያስ አንድ ሰዓት ይበቃቸዋል የሚል ሰው ካለ እኛ አንስማማም። ያች ሰዓት የጠበበችው በፈቃዳቸው አይደለም፤ ለመሸምደድ ትበቃ ይሆናል፥ ለማሰብ ግን አትበቃም። የእኛ ምሽት የሰፋው ከእነርሱ በተወሰደው ጊዜ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ጀምረናል። ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት አንድ ምዕራፍ እናጠናለን፤ 2 ሰዓት ሲሆን መጽሐፉ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ጀሪካኑን እኛ እንይዛለን፥ እኅቶቻችን ጠረጴዛውን ይይዛሉ። ምዕራፉ እስከ አሁን በሰዓቱ አልቋል። እንጀራው ግን ገና ከምጣዱ አልነሣ ብሎናል።