የመጽሐፉ ክረምትና የግቢው በጋ

(ለመምህራንና ለትምህርት ሹማምንት የተደረገ ንግግር)



ከባሕር ማዶ የመጡ የንባብ መጻሕፍት ስለ ወቅቶች ሲያስተምሩ አንድ የታወቀ ታሪክ አላቸው። ቅጠል ይረግፋል፤ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀው ጨረባ ከቤቱ ክፈፍ ሥር ያለውን ጎጆዋን ትታ ትሄዳለች፤ በረዶ ይወርዳል፤ ልጆች ለቀሩት ወፎች በመስኮት ፍርፋሪ ይበትናሉ፤ ቀኑ ሲረዝም ጨረባ ትመለሳለች፥ ምዕራፉም ያልቃል። ተማሪው ይህን በቃሉ አጥንቶ ለፈተና ይጽፋል። ነገር ግን ጨረባ ወዴት እንደ ሄደች፥ እስክትመለስም ድረስ በነዚያ ወራት ምን ስትሠራ እንደ ቆየች መጽሐፉ አንድ ቃል አይናገርም። በደራሲው ዘንድ ወፊቱ ከመስኮቱ ከራቀች ታሪኳ ተፈጽሟል።

መጽሐፉ የዘለለው ገጽ የሚነበብበት ስፍራ ግን አለ። በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ኡም ጋርጉር ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኤርትራ የተሰደዱ ሰዎች የሰፈሩበት መንደር ነው። በዚያ ተወልደው፥ በዚያ አድገው፥ በዚያ ልጅ የወለዱ አሉ። የአገሩ መሬት ሜዳ፥ አፈሩም ጥቁር መረሬ ነው፤ በዝናብ ጊዜ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፥ በበጋ ደግሞ የሰው እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በግቢው ውስጥ ጎጆ፥ ራኩባ የሚሉት ዳስ፥ ከዳሱም ጥላ ሥር ዚር የሚባለው የሸክላ ጋን ይገኛል። ዚር ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ገላው ላይ በሚወጣው ላብ ነው፤ ከታቹም ጠብ ጠብ ይላል። ለብዙ ወራት ዝናብ በማይጥልበት አገር ያ ጠብታ ለወፍ ምንጭ ነው። የሥነ ፍጥረት መምህር ወንበሩን የሚያኖርበት ስፍራ እንግዲህ ይህ ነው።

አስቀድሞ ግን በቃላቱ ላይ ያለውን እንቅፋት ማንሣት ይገባል። ፈረንጆች ዊንተር የሚሉትን የብርድ ወራት በአማርኛ «ክረምት» ብሎ መተርጐም ተለምዷል። በገበሬው ዘንድ ግን ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ጊዜ ነው፤ ፈረንጆቹ በረዶ ሲጠርጉ የደጋው ገበሬ እህሉን በአውድማ ያበራያል። ዐረብኛውም ከዚህ እንቅፋት አላመለጠም። በሌላው የዐረብ አገር ኸሪፍ ማለት ቅጠል የሚረግፍበት ወራት ሲሆን፥ በሱዳን ኸሪፍ የዝናብ ጊዜ ነው፤ ሱዳኖች ዓመቱን ሺታ፥ ሴፍ፥ ኸሪፍ ብለው በሦስት ይከፍሉታል። በሺታ፥ ማለት በታኅሣሥና በጥር፥ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ ቀኑ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ በሴፍ፥ በሚያዝያ፥ 40 ይደርሳል። ስለዚህ ልጁ በቤቱ አንድ ዓመት፥ በመጽሐፉ ደግሞ ሌላ ዓመት ይሰማል። ይህን ልጅ «ወቅቶች አራት ናቸው» ብሎ ከማስደገም በፊት ወደ ግቢ አውጥቶ «ዛሬ ከዚር ሥር የቆመው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ከዚር ሥር የሚቆሙት ሁሉ እንግዶች አይደሉም። ዋኖሶች፥ ድንቢጦች፥ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጡ ቀያይ ጥቃቅን ወፎች ዓመቱን ሙሉ አሉ፤ በሌሊትም የቀበሮ ጩኸት ይሰማል፥ በጎጆው ክዳን ውስጥ እንሽላሊት ይሮጣል። እነዚህን ልጆቹ ከመምህሩ ይልቅ ያውቋቸዋል። መምህሩ የሚያስፈልገው እንግዳውን ከባለቤቱ ለመለየት ነው።

መለየቱ የሚጀምረው በጥቅምትና በኅዳር፥ ማሽላው በሚደርስበት ጊዜ ነው። በዚያ ወራት ልጆች ወፍ በማማ ላይ ሆነው በወንጭፍ የሚያባርሩት ጠላት እንጂ ሌላ ነገር አይመስላቸውም፤ እውነትም አላቸው። ግሪሳ የሚባለው ወፍ በቀን የሚበላው 10 ግራም ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን እንደ ጭስ ደመና ሆኖ ሲወርድ የአንድን ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ በጥቂት ቀን ይጨርሳል። በገዳሪፍ ምድር በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ እየሰፋ ግራሩ ሲመነጠር ለግሪሳ የተዘረጋው ማዕድ ሰፋ። ሱዳንን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ግሪሳ በሚያድርበት ስፍራ ፌንቲዮን የሚባል መርዝ ከአውሮፕላን ይረጫል። መርዙ ግን መርጦ አይገድልም፤ የተመረዘውን ግሪሳ የበላ ንስርና ጭልፊት አብሮ ይሞታል። ከሁሉ የሚብሰው፥ ድሀ ሰው የሞተውን ወፍ ለቅሞ ወጥ መሥራቱ ነው። መምህሩ ስለ ወፎች አንዲት ትምህርት ብቻ ለመስጠት ጊዜ ቢኖረው እንኳ፥ መርዝ ከተረጨበት ስፍራ የወደቀ ወፍ እንዳይነሣ፥ እንዳይበላም መናገር አለበት። ይህ ከወቅቶች ሁሉ ይቀድማል።

ግሪሳ የዚያው አገር ተወላጅ ነው። ማሽላው ታጭዶ ማሳው ባዶ ሲቀር የሚታዩት ግን ብዙዎቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው። ዐረቦች ኩርኪ የሚሉት ረጃጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች የወደቀውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ ከሩስያና ከካዛክስታን ሜዳ የመጡ ንስሮች በመሬቱ ስንጥቅ የተደበቁትን አይጦች ይጠብቃሉ፤ ነጭ ሽመላዎች ፌንጣና አንበጣ እየለቀሙ ሰንብተው አንዳንዶቹ እዚያው ሲቀሩ ሌሎቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይዘልቃሉ። ሽመላ ጊዜዋን እንደምታውቅ ነቢዩ ኤርምያስ መናገሩን የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሰምቷል፤ የቁርኣን ተማሪም ስለ ንጉሥ ሱለይማን ሁድሁድ ያውቃል። መምህሩ በባዶ መሬት ላይ አይዘራም።

የፈረንጅ ሊቃውንት ግን ይህን ነገር ለማመን ዘግይተው ነበር። ወፎች በብርድ ጊዜ በኩሬ ጭቃ ውስጥ ተኝተው ይከርማሉ የሚሉ ነበሩባቸው። በ1822 እ.ኤ.አ. በሰሜን ጀርመን በክሉትስ አጠገብ አንዲት ሽመላ በአንገቷ የአፍሪካ ቀስት እንደ ተሰካባት ተገኘች፤ እስከ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ትታያለች። የአፍሪካው አዳኝ ሳያውቅ ለአውሮፓ ሊቃውንት ደብዳቤ ጻፈላቸው ማለት ነው። ከዚያም በ1899 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ በቪቦርግ ከተማ ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የሚባል ሰው ቍጥርና የከተማው ስም የተቀረጸበትን የአሉሚንዮም ቀለበት በያዛቸው ወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የወፎች ጉዞ የሚጠናበት ሥራ ከዚያ ተነሣ። ይህ ሰው የትምህርት ቤት መምህር ነበረ፤ በዚህ ጉባኤ ፊት ስሙ ሊነሣ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ቀለበት የሌለው መምህር ምን ያድርግ? ለእርሱ የሚሆን ወፍ አለ። ከጥቅምት ጀምሮ ጅራቷን ሳታቋርጥ ወደ ላይና ወደ ታች የምታወዛውዝ ቀጭን ወፍ በየግቢው ትገባለች፤ በዚህ ንግግር ጅራተ ወዝዋዥ ትባል። ስትመጣ የደከመ ቀለም አላት፤ ጀርባዋ አመድማ፥ ደረቷ የደበዘዘ ነው። ከድንቢጥ የምትለየው በአካሄዷ ነው፤ ድንቢጥ ይዘላል፥ እርሷ ትራመዳለች። በፍየሎች እግር መካከል ገብታ ከኮቴያቸው የሚነሣውን ዝንብ ትለቅማለች፤ ከዚያ ወደ ዚር ሥር ትመጣለች። በታኅሣሥ ለውጥ የለም፤ ችኩል ተማሪ በዚህ ጊዜ ይሰለቻል፥ ይሰልች። ከጥር በኋላ ግን ትዕግሥት ያለው ሰው በወንዱ ደረት ላይ ቢጫ ጠቃጠቆ ሲወጣ ያያል። አሮጌ ላባውን እየጣለ አዲስ መልበሱ ነው። በየካቲት ቢጫው ይሰፋል፤ በመጋቢት እንደ አደይ አበባ ያበራል።

ከዚህ በኋላ የሚታየው ራሱ ነው። ሁሉም አንድ ዘር ሲሆኑ የራሳቸው ቀለም እንደ አገራቸው ይለያያል። ራሱ ጥቁር የሆነው የባልካንና የቱርክ ወገን ነው፤ ራሱ ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ከዐይኑ በላይ ነጭ ቅንድብ ያለው የመካከለኛው አውሮፓ ነው፤ ራሱ የጠቆረ ግራጫ ሆኖ ቅንድብ የሌለው የስዊድን፥ የፊንላንድና የሰሜን ሩስያ ነው። አገራቸው ቀድሞ የሚሞቅላቸው ጥቁር ራሶች ቀድመው ይሄዳሉ፤ የሰሜኖቹ ምድራቸው ገና በበረዶ የተሸፈነ ነውና እስከ ሚያዝያ ይቆያሉ። ለወፊቱ የበረዶውን ዜና የሚነግራት የለም፤ የምትነሣው በውስጧ ባለው የዓመት ሰዓትና በቀኑ ርዝመት ተመርታ ነው። ነገር ግን ተማሪው «ዛሬ ጥቁር ራስ አልታየም፤ ሁለት ግራጫ ራስ ታየ» ብሎ ከነቀኑ ቢጽፍ፥ ፊንላንድን ሳያይ የፊንላንድን ጸደይ እየቈጠረ ነው። የጂኦግራፊ ካርታ ከደብተሩ ጋር የሚገጥመው ያን ጊዜ ነው። ወፊቱ 17 ግራም ያህል የምትመዝን ስትሆን፥ ከመነሣቷ በፊት ስብ ታከማቻለች፤ በፊቷ የኑብያ በረሃ፥ ከእርሱም ወዲያ ባሕር አለና።

ከዚህ ላይ በጎ ልብ ያላቸው መምህራን የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። በስደተኞች ልጆች ፊት ቆሞ «እናንተም እንደ ወፎች ናችሁ፤ እንደ መጣችሁ ትመለሳላችሁ» ማለት ይቀላል። ንጽጽሩ ያማረ ነው፤ ሐሰት ግን ነው። ወፊቱ ሁለት አገር አላት፥ በሁለቱም መታወቂያ የሚጠይቃት የለም፤ ጊዜዋ ሲደርስ ትነሣለች። ልጁ ግን አያቱ ከመጡበት አገር ማን እንደሚያሳልፈው፥ ከተወለደበትም መንደር ማን ዜጋ እንደሚለው አያውቅም። አስተዋይ ተማሪ ይህን ልዩነት ከመምህሩ ቀድሞ ያየዋል፤ ካየም በኋላ መምህሩ ስለ ወፍ የሚናገረውን ሁሉ አያምንም። ልጁ ንጽጽሩን ራሱ ቢያነሣው ማዳመጥ ነው፤ መምህሩ ግን ወፉን ወፍ ብሎ ቢተወው ይሻላል።

በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በገዳሪፍ ግዛትም ብዙዎቹ ከካርቱምና ከሌላውም ስፍራ ለተፈናቀሉ ሰዎች መጠለያ ሆኑ። ወራቱ የሰሜኖቹ ጅራተ ወዝዋዦች ተጠቃለው የሚነሡበት ነበረ። ክፍል ሲዘጋ፥ መጽሐፍ ሳይታደል ሲቀር፥ ግቢውና ዚሩ ግን በስፍራቸው ይኖራሉ። ቀን፥ የወፉ ዐይነት፥ ቍጥር፥ የራሱ ቀለም፤ ለዚህ አራት መስመር የተሰመረበት ቅጠል ይበቃል። ሹማምንቱ ይህን ሥራ ከመደበኛው ትምህርት ውጭ የሆነ ጨዋታ አድርገው እንዳይቈጥሩት ያስፈልጋል፤ የፈተና ቍጥር ባይሰጠው እንኳ ሰዓት ሊሰጠው ይገባል።

ሚያዝያ ካለፈ በኋላ በግቢው ዝምታ ይሆናል። እንግዶቹ ሄደዋል፤ የቀሩት ዋኖሶች አፋቸውን ከፍተው በጥላው ይቀመጣሉ፤ የዚሩ ጠብታ መሬት ሳይነካ የሚደርቅ ይመስላል። በዚህ ወራት ደብተሩን የሚዘጋ መምህር ብዙ ነው፥ ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። በግንቦት ከደቡብ በኩል ሌላ ሽመላ ይመጣልና፤ ጥቁር ጀርባ፥ ነጭ ሆድ ያለው፥ ከነጩ ሽመላ የሚያንስ። ሱዳኖች ሲምብሪያ ይሉታል። በሊቃውንት መጽሐፍ የሚጠራው በሰሜን ሱዳን የቱርክ ገዥ በነበረው በአብዲም ቤይ ስም ሲሆን፥ ስሙም የተሰጠው በ1823 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ወፍ በአውሮፓ መስኮት ከቶ አይታይም። ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በዚሁ ምድር በዝናብ ጊዜ ነው፤ ዛፍ ካገኘ በዛፍ ላይ፥ ካላገኘም በጎጆ ክዳን ጫፍ ላይ እንጨት ደርድሮ ይቀመጣል። ዝናብ ያመጣል ይባላልና ሰው አይነካውም፤ በእውነቱ ዝናቡን ተከትሎ ይመጣል እንጂ አያመጣም፥ ነገር ግን ባለቤቲቱ ወፉን ከክዳኗ ላይ እስካላባረረች ድረስ መምህሩ ይህን ለማረም አይቸኩል። በመጽሐፉ ታሪክ ጨረባ ወደ ክፈፉ በምትመለስበት ወራት በኡም ጋርጉር ግቢ ዓመት የሚያስጀምረው ሲምብሪያ ነው። እርሱ የታየበት ቀን በአዲስ ገጽ ራስጌ ይጻፍ፤ ወቅቱ ጸደይ ይባል፥ ክረምት ይባል፥ ወይስ ኸሪፍ፥ ተማሮቹ ተከራክረው ይምረጡ።