መንኰራኩርና ሳቅ፦ የጥገና ሠራተኛው በብሪታንያ ሲትኮም



ብሪታንያውያን ሲትኮም የሚሉት ተከታታይ የቴሌቪዥን ቀልድ የሚቆመው በአንድ ቀላል መሠረት ላይ ነው፤ ይኸውም የማይስማሙ ሰዎችን ሊለያዩ በማይችሉበት ስፍራ ማኖር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1962 የጀመረው «ስቴፕቶ ኤንድ ሰን» አባትና ልጅን በአሮጌ ዕቃ ግቢ ውስጥ አስቀመጠ፤ በ1974 የጀመረው «ፖሪጅ» ደግሞ ወህኒ ቤትን መረጠ። ከወህኒ ቤት ይልቅ መውጫ የሌለው ስፍራ ቢፈለግ፣ በጠፈር ላይ ከሚንሳፈፍ መንኰራኩር የተሻለ አይገኝም። ሲትኮምና የሳይንስ ልብ ወለድ የተጋቡትም በዚህ ምክንያት ነው።

መንገዱን ከጠረጉት አንዱ ዳግላስ አዳምስ ነበር። በ1978 በቢቢሲ ሬዲዮ፣ በ1981 በቴሌቪዥን በቀረበው «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» ምድራችን ለጠፈር መንገድ ሥራ ስትባል ትፈርሳለች። ሕዝቡ ቢጮኽ፣ ፕላኑ በአልፋ ሴንታውሪ ለ50 ዓመት ለሕዝብ ቀርቦ እንደ ነበር ይነገረዋል። መንገድ የቀየሰ መሐንዲስ ሁሉ ቀልዱ ወዴት እንደሚወጋ ያውቃል።

ጋብቻው የጸናው ግን ሮብ ግራንትና ዳግ ኔይለር በደረሱት፣ በ1988 በቢቢሲ ሁለት በተጀመረው «ሬድ ድዋርፍ» ነው። የዚህ ድርሰት ባለታሪኮች አዛዥም ሊቅም አይደሉም። ሪመርና ሊስተር የዶሮ ሾርባ የሚያድሉ መሣሪያዎችን የሚጠግኑ ዝቅተኛ ቴክኒሻኖች ናቸው። ሊስተር ድመት ደብቆ በመገኘቱ ጊዜ በቆመበት ክፍል ይታሰራል። በዚህ መካከል በሚገባ ባልተጠገነ የሞተር ክፍል ሰሌዳ ምክንያት ጨረር ያመልጥና ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ያልቃል። ኮምፒዩተሩ ሊስተርን የሚፈታው ጨረሩ እስኪጠፋ 3 ሚሊዮን ዓመት ከጠበቀ በኋላ ነው። ጓደኛ እንዲሆነውም እጅግ የሚጠላውን ሪመርን ከብርሃን በተሠራ ምስል ያስነሣለታል።

ደራሲዎቹ የመሣሪያውን ሕግ ማክበራቸው ልብ ሊባል ይገባል። ሪመር ብርሃን እንጂ ሥጋ ባለመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዲት ዕቃ እንኳ መንካት አይችልም። ማዘዝ የሚወድ፣ ነገር ግን የሚታዘዘው የሌለ ሰው ሆኖ ይቀራል። ሳቁ የሚፈልቀው ከዚሁ የቴክኒክ ገደብ ነው።

ይሁን እንጂ ከሳቁ በታች ከባድ ጥያቄ አለ። በ1991 በታየው «ጀስቲስ» በተባለው ክፍል፣ ሪመር ስለ ሰሌዳው ጥገና 1,167 ነፍስ በማጥፋት ይከሰሳል። ጠበቃ ሆኖ የቆመለት ሮቦቱ ክራይተን ያልተጠበቀ መከራከሪያ ያቀርባል፦ የሾርባ መሣሪያ ለሚጠግን፣ ችሎታ ለሌለው ሰው የመርከብ ደኅንነት በአደራ ይሰጣል ብሎ ማን አእምሮ ያለው ያምናል? ሪመር ይህን ስድብ እየተቃወመ በነፃ ይለቀቃል።

ተመልካቹ በዚህ ይስቃል፤ መሐንዲስ ግን ስቆ ማለፍ የለበትም። ሪመር በነፃ ቢለቀቅም ሙታኑ አልተነሡም። ሰሌዳውን ለእርሱ የሰጠው ማን ነው? ሥራው ካለቀ በኋላስ የመረመረው ማን ነው? ክሱ ከአንድ ቴክኒሻን ላይ ቢነሣ፣ የሚያርፈው ሥራን በሚያከፋፍሉና በፊርማቸው በሚያጸድቁ ላይ ነው። ይህም የሙያችን የዕለት ተዕለት ኃላፊነት ነው።