ብርሃን በቍጥር ሲጻፍ፤ ስለ ዲጂታል ፎቶግራፍ ፋይልና ስለ ቀለሙ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ በዓል ሰሞን በግቢያችን ውስጥ ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ያላነሣ ሰው አለ ለማለት ያስቸግራል። ነገር ግን ጣታችን ስልኩን በነካበት ቅጽበት ምን እንደሚደረግ፣ ሥዕሉም የሚቀመጥበት ፋይል ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ይህን የበዓል መጽሐፍ ለማዘጋጀት ፎቶግራፎችን ስንሰበስብ ነገሩ ለጨዋታ ብቻ የሚነሣ አለመሆኑን ስለ ተረዳን፣ በዕውቀታችን መጠን ልናስረዳችሁ ተነሥተናል። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዲጂታል ፎቶግራፍ በእውነቱ የቍጥር መዝገብ ነው። የእናቶቻችንን የስፌት ሥራ አስቡ። በመሶብ ላይ ያለው አበባ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ሙሉ አበባ ነው፤ ቀርበው ሲመለከቱት ግን እያንዳንዱ ለብቻው የተሰፋ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ አለላ ሆኖ ይገኛል። ፒክስል የሚባለው እንደዚሁ ያለ አንድ ስፌት ነው። በ1957 በአሜሪካ አገር ራስል ከርሽ የተባለው ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒዩተር ባስገባ ጊዜ፣ ሥዕሉ በየጎኑ 176 ፒክስል ብቻ ነበረው። በ1975 ስቲቨን ሳሰን በኮዳክ ኩባንያ የሠራው ዲጂታል ካሜራም ከ100 በ100፣ ይኸውም ከ10,000 ፒክስል አያልፍም ነበር፤ አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ 4,000 በ3,000 ቢሆን እንኳ 12 ሚሊዮን ፒክስል ይመዘግባል።

እያንዳንዱ ፒክስል በሦስት ቍጥር ይጻፋል፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ ብርሃን ነው። በተለመደው ፋይል እያንዳንዱ ቍጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ሦስቱም 0 ሲሆኑ ጥቁር፣ ሦስቱም 255 ሲሆኑ ነጭ ይሆናል። ቀዩና አረንጓዴው 255፣ ሰማያዊው 0 ከሆነ ግን ቢጫ ይወጣል። በሥዕል ክፍለ ጊዜ ቀይና አረንጓዴ ቀለም የደባለቀ ሁሉ ያገኘው ጭቃ የመሰለ ቡኒ ስለ ሆነ ይህን ለመቀበል ይቸግረው ይሆናል። ምክንያቱ የሥዕል ቀለም ብርሃንን እየዋጠ የሚሠራ ሲሆን፣ ብርሃን ግን በብርሃን ላይ የሚጨመር በመሆኑ ነው። ማረጋገጥ የሚወድ በስልኩ ላይ ቢጫ ሥዕል ከፍቶ አንዲት ትንሽ የውሃ ጠብታ በመስተዋቱ ላይ ያድርግ። ጠብታዋ እንደ ማጉያ መነጽር ሆና ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣቦችን ታሳየዋለች፤ ቢጫ ነጠብጣብ ግን ፈልጎ አያገኝም። ከሦስቱ ቍጥሮች ቅንብር የሚወጣው ቀለም ብዛቱ 16,777,216 ነው።

ይህ ጥበብ ከኮምፒዩተር በፊት የታወቀ ነው። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጀምስ ክለርክ ማክስዌል በ1861 ለንደን ላይ አንድ ባለ ብዙ ቀለም ጥብጣብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ሦስት ጊዜ የተነሣበትን ፎቶግራፍ፣ በየማጣሪያው እንደ ገና በግድግዳ ላይ አብርቶ ሲያነባብራቸው የጥብጣቡ ቀለም ታየ። ዛሬም የምንሠራው በእርሱ መንገድ ነው።

የካሜራው ዓይን ግን ብርሃንን እንጂ ቀለምን ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ በ1976 የባለቤትነት መብት ያገኘው የብራይስ ቤየር ዘዴ በእያንዳንዱ ጥቃቅን ዓይን ላይ አንድ ባለ ቀለም ክዳን ይደፋበታል፤ ከአራቱ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ ፒክስል ከሦስቱ ቀለም አንዱን ብቻ ለክቶ ሁለቱን ከጎረቤቶቹ በግምት ይሞላል። ባለ 12 ሚሊዮን ፒክስል ሥዕል ካሉት 36 ሚሊዮን ቍጥሮች ውስጥ 24 ሚሊዮኑ የተገመቱ ናቸው። ካሜራ አይዋሽም የሚል ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

ከቀለሙ ይልቅ እኛን የሚነካን የብርሃኑ ግምት ነው። የካሜራ መለኪያ በመሠረቱ የሚያየውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ወደ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ለጥምቀት ነጭ ለብሰው የቆሙ ዘመዶቻችንን በዚህ መለኪያ ስናነሣ፣ ካሜራው ነጩ ስለ በዛበት ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ፣ የሰዎቹም ፊት ከሰል ሆኖ ይወጣል። አዳዲሶቹ ስልኮች ፊትን ፈልገው ያርሙታል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካላቸውም። በፊልም ዘመን ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ኮዳክ ለፊልም ማጠቢያ ቤቶች የቀለም መመዘኛ እንዲሆን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይልክ የነበረው፣ ሸርሊ ካርድ የሚባለው፣ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ያለበት ነበር። ማጠቢያ ቤቱ ሥራውን በእርሷ መልክ ስለሚመዝን የጥቁር ሰው ፊት ከመመዘኛው ውጭ ይቀር ነበር። ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ሴቶች በአንድነት የታዩበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። አያቶቻችን በፎቶግራፋቸው ላይ ጠቍረው መታየታቸው ከመልካቸው የተነሣ ብቻ አልነበረም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከማንሣታችን በፊት በስልኩ መስተዋት ላይ የሰውየውን ፊት በጣት መንካትና ብርሃኑን በመጠኑ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ይሁን እንጂ መጠኑ ያስፈልጋል፤ የነጠላው ቍጥር 255 ከደረሰ በኋላ እንደ ሞላ እንስራ ነውና የፈሰሰውን ማንም አይመልሰውም። ክሩና ጥለቱ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ፋይል ዓይነት መናገር አለብን። ሮው የሚባለው ፋይል፣ ትርጓሜውም ጥሬ ማለት ነው፣ ካሜራው የለካውን በብዛት ሳያበስል የሚያስቀምጥ ሲሆን በ256 ደረጃ ፈንታ 4,096 ወይም 16,384 ደረጃ ይይዛል፤ ስለዚህ የጠቈረውን ፊት ኋላ ለማብራት ይመቻል። ጄፔግ ግን የተጋገረ እንጀራ ነው፤ ለመብላት ዝግጁ ነው፣ ወደ ጤፍነቱ ግን አይመለስም። በ1992 የጸደቀው ይህ ሥርዓት ሥዕሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ፣ የሰው ዓይን የማያስተውለውን ረቂቅ ልዩነት ይጥለዋል። በዚህም 36 ሜጋባይት የነበረው ወደ 4 ሜጋባይት ገደማ ሊወርድ ይችላል። ፋይሉን ከፍቶ ማየት ወይም እንዳለ መቅዳት አይጎዳውም። የሚጎዳው እያረሙ ደጋግሞ በጄፔግ ማስቀመጥና፣ ሥዕሉን አሳንሰው በሚልኩ የመልእክት ፕሮግራሞች ማዘዋወር ነው። በቴሌግራም እንኳ በፎቶ መልክ የተላከው ሲያንስ፣ በፋይል መልክ የተላከው እንዳለ ይደርሳል።

ለዚህ መጽሐፍ ከመጡልን አንዱ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ከዚህ ትምህርት ቤት የተመረቁ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር የተነሡት ነው። የወረቀቱ ባለቤት በስልክ አንሥቶ ላከው፤ ተቀባዩ ለሌላው፣ ሌላውም ለሌላው አስተላለፈው፤ ወረቀቱ ግን ከቤት ወደ ቤት ሲዛወሩ ጠፋ። እኛ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ወርዱ 320 ፒክስል ብቻ ነበር፤ በኋለኛው ረድፍ የቆመው የእያንዳንዱ ተማሪ ፊት 8 በ8፣ ማለት በ64 ነጠብጣብ ላይ ተወስኖ ቀርቶአል። ወንድማቸውን ሊያሳዩን የመጡ አንዲት እናት ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት አልቻሉም። ደብዛዛ ፊት አጥርቶ የሚያወጣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንዳለ የነገሩን ነበሩ፤ ሞክረንም አየነው። ጥርት ያለ ጎልማሳ ፊት አወጣ፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ከሌሎች ሰዎች ፊት ተምሮ የሣለው ነውና የማንም አልነበረም። የሌለ ሰው በእኒያ እናት ወንድም ስም ከማተም፣ ደብዛዛውን እንዳለ በትንሹ ማተምን መረጥን።

ስለ ኅትመት አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ማተሚያ ቤት የሚሠራው በብርሃን ሳይሆን በአራት የቀለም ዓይነቶች ስለ ሆነ፣ በስልክ የሚያበሩ ቀለሞች ሁሉ በወረቀት ላይ አይገኙም። የሹራባችን ሰማያዊ በመጽሐፉ ላይ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ መስሎ ቢታያችሁ በአታሚው አትፍረዱ።

ወላጆቻችንና የቀድሞ ተማሪዎች ሆይ፤ በየቤታችሁ ያሉትን የወረቀት ፎቶግራፎች እባካችሁ አምጡልን። በቤተ መጻሕፍቱ ባለው ስካነር በኢንች 600 ነጠብጣብ አድርገን እንገለብጣቸዋለን፤ 9 በ13 ሴንቲሜትር የሆነው ወረቀት በዚህ መጠን 6 ሚሊዮን ተኩል ያህል ፒክስል ይሰጣል፣ ሳይታመቅ ሲቀመጥም 20 ሜጋባይት ገደማ ነው። ፋይሉ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ይቀመጣል፤ ወረቀቱን በዚያው ቀን እንመልስላችኋለን። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ እየቈጠራችሁ በተለየ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አምጡ፤ ይህን ስካነሩ ሊያነብልን አይችልም።