ጆሮውን የሚሸፍነው ልጅ



ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲመሠርቱ፣ ኦቲዝምን እንደ እርግማን የሚቆጥር ብዙ ነበር። ዛሬም ልጆች ከእኛ የሚሰሙት «ተዉት፣ አሞት ነው» የሚል ቃል ብቻ ከሆነ፣ የሚማሩት መራቅን ነው።

እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። ተማሪዎች ሬዲዮ እየጮኸ፣ አንገታቸውን የሚኮሰኩስ ጨርቅ ጠምጥመው ለአምስት ደቂቃ የቃል ሒሳብ ይሥሩ። ከዚያም እንዲህ እንበላቸው፦ «ኦቲዝም ላለባቸው አንዳንድ ልጆች የዘወትሩ ደወልና የደንብ ልብስ እንዲህ ሊከብዳቸው ይችላል። ጓደኛችሁ ጆሮውን የሚሸፍነው ንቋችሁ አይደለም፤ ድምፁ አይሎበት ነው።»

የሁሉም ስሜት ግን አንድ አይደለም፤ ድምፅ የሚወድም አለ። ስለዚህ «ምን ላግዝህ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ በቃል ባይሆን በጣት ወይም በሥዕል ሊመጣ ይችላልና፣ መጠበቅንም እናስተምራቸው።